ዋስ ያልጠራ ቃል

አንድ ጊዜ፣ ምንጮች በየተራ በሚነጥፉበት ክፉ በጋ፣ የቆላ አራዊትን የሚያስተዳድር አንበሳ ነበረ። ውሃ ሲጠፋ አዲስ ውሃ ፈልጎ የሚመጣለት አህያ ነው። አህያ ሰነፍ ነበር፤ አይ፣ ይህ አነጋገር ልክ አይደለም፤ አዝጋሚ እንጂ ሰነፍ አልነበረም። ሸለቆውን ሁሉ ዞሮ ለመመለስ አራት ቀን ይፈጅበታል። ሲመለስ ግን በዋርካው ሥር ሸንጎ ፊት ቆሞ «አይቼዋለሁ፤ ለቃሌ ራሴ ዋስ ነኝ» ይላል። በዚያ ሸንጎ ዋስ ያልጠራ ቃል አይጸናም ነበር። ለዚህ አገልግሎቱም ጅብ እንዳይነካው ታውጆለት ይኖር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ቀበሮ በቀቀንን በጀርባዋ አዝላ መጣች።

«ጌታዬ፣ ይህች ወፍ ከዚህ ዋርካ ሥር ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የተነገረውን ሁሉ ይዛለች። ከያዘችውም እየፈተለች አዲስ ነገር ትናገራለች። ይጠይቋት።»

«ውሃ ከየት እናገኛለን?» አላት አንበሳ።

በቀቀን ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ «ከቀዩ ጉብታ ማዶ፣ ከሾላው ሥር፣ ብርድ ብርድ የሚል ጥሩ ምንጭ ይፈልቃል» አለች። ድምፅዋ እንደ ማር ነበር። ሸንጎው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ አያ አህያ፣ ኮቴህን አሳርፍ» አለች ቀበሮ። «አንተ አራት ቀን የምትኳትንበትን እሷ ጥሬ እየቆረጠመች ትጨርሰዋለች።»

ሁሉም ሳቁ። ጅብ ብቻ ከንፈሩን እየላሰ ጠየቀ፦ «ከሥራው ከወጣ፣ አዋጁም አብሮት ይወጣል ማለት ነው?»

አህያ ወደ አንበሳ ጠጋ አለ። ጅብ ግን መልሱን ሊጠብቅ አልቻለም፤ ወደ ወፊቱ ዞሮ «ለመሆኑ ሥጋ የት አለ?» አላት።

«ከገደሉ ግርጌ የሰባ በሬ ወድቋል።»

ጅብ ሮጠ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጉንጩ አብጦ ተመለሰ።

«በሬ የለም። ጥቁር ድንጋይ ነው። ነክሼ አረጋግጫለሁ።»

«ምናልባት በደንብ አልነከስከው ይሆናል፣ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ።

«እውነትሽን ነው፤ እንዲህ አሳምራ የምትናገር እንዴት ትሳሳታለች?» አለና ጅብ ተመልሶ ሄደ።

አንበሳ ጥጃውም ግልገሉም ወደ ቀዩ ጉብታ እንዲነሳ ሊያዝ አፉን ከፈተ። አህያ ወደ መሐል ገባ።

«ጌታዬ፣ የዚህ ቃል ዋሱ ማን ነው?»

አንበሳ በቀቀንን «አንቺ ዋስ ትሆኛለሽ?» አላት።

«እኔማ የሰማሁትን አሳምሬ እገጥማለሁ እንጂ ምንጩን በዓይኔ አላየሁም» አለች ወፊቱ፣ ቅር ሳይላት። «አይተሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ሲዞር ቀበሮ ጅራቷን ታበጥር ነበር። «እኔ ተሸክሜ አመጣኋት እንጂ፣ ዋስነት እንኳ...»

አህያ ወፊቱን አላንቋሸሻትም። «እሜቴ፣ ከቀዩ ጉብታ ሌላ ምን ሰምተሻል?» አላት።

«የቀርከሃው ሸለቆ አለ። ከስንጥቁ ዓለት ጀርባም አሮጌ ጉድጓድ ነበር ይባላል።»

«የሾላውን ምንጭ አምና ናዳ ደፍኖታል፤ የቀርከሃውም ባለፈው ወር ሲደርቅ አይቻለሁ። የዓለቱን ግን ሰምቼው አላውቅም» አለና ሌላውን ሸለቆ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ዓለቱ ሄደ። በማግስቱ ከአፉ ውሃ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። «ውሃ አለ። ለመንገዱ ዋስ ነኝ።»

አንበሳም ተነሥቶ ቆመ። «ለትእዛዙ ደግሞ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ብንጠማ የምወቀሰው እኔ እንጂ ወፏ አይደለችም። የአህያም አዋጅ እንደ ጸና ነው።»

መንጋው ሲጓዝ በቀቀን በአህያ ሁለት ጆሮዎች መካከል ተቀምጣ መንገዱን ታወራለች፤ ስትሳሳት አህያ ጆሮውን ያራግፋል፣ እሷም ስቃ ታርማለች። ጅብ ከኋላ እያነከሰ «በሬውስ?» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሰማው እየፈተለ የሚናገር ብልህ መሣሪያ ወደ ሥራችን ሲመጣ ልናባርረውም ልንሰግድለትም እንደማይገባ፣ ይልቁንም መሣሪያው የተናገረውን በእግሩ ደርሶ የሚያረጋግጥ ሠራተኛና በስሙ ለወጣው ትእዛዝ ዋስ የሚቆም መሪ ከቀድሞው ይልቅ እንደሚያስፈልጉን ነው።