በበረዶ ውስጥ የተገኘው ጓንት

በአንድ ወቅት፣ በረዶው ፈጽሞ ከማይቀልጥበት የምድር ጫፍ፣ ናያ የምትባል አሮጊት ብቻዋን ትኖር ነበር። አባቷ ውሾቹን በበረዶ ሸርተቴ ጠምዶ ለአደን እንደወጣ የቀረው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሞተ የሚላት ጠፍቶ፣ እርሟን ሳታወጣ አረጀች።

በዚያ አገር የሟች ስም ለአዲስ ሕፃን ይሰጣል፤ ሕፃኑንም የሟቹ ልጆች «አባዬ» ይሉታል። መሞቱ ላልታወቀ ሰው እንዲህ ማድረግ ግን በቁም መቅበር ነው። ጎረቤቷ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ የናያ አባት መሞት ከታወቀ ስሙን ለሕፃኑ ልትሰጥ፣ እስከዚያም ስም ሳታወጣለት ስምንት ቀን ልትቆይ ቃል ገባችላት።

በዚያው ሰሞን የበረዶ ገደል ተናደና በውስጡ የቆዳ ጓንት ታየ። ናያ ጓንቱ የአባቷ መሆኑን ለመለየት፣ የበረዶውን ዕድሜ ለሚነግራት ሰው የአባቷን ካራ እንደምትሰጥ አስነገረች። ከአባቷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ሦስት ወንድማማቾች መጡ።

ታላቁ ማሊክ፣ ከጓንቱ በላይ በየዓመቱ የወረደው በረዶ የተወውን መስመር ሦስት ቀን ተንበርክኮ ቆጠረ። «ስልሳ ነው፤ የአባትዎ ነው» አላት። ናያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ወንድሞቹ ግን ነፋስ የአንድ ዓመቱን በረዶ ጠርጎ ሊወስደው ይችላል አሉ።

መካከለኛው ኢኑክ ከጓንቱ በላይ ስስ አመድ አገኘ። የአገሩ ተራራ እሳት ከተፋ መቶ ሃያ ዓመት ሆኖታል። «ጓንቱ የወደቀው ከዚያ በፊት ነው፤ ያኔ አባትዎ አልተወለዱም» አላት። ለቅሶዋን አቆመች። ወንድሞቹ ግን አመዱ የሌላ ተራራ ቢሆንስ ብለው ሞገቱት።

ታናሹ ሚኪ ከጓንቱ አጠገብ ቁራሽ በረዶ ሰብሮ በውስጡ የታፈነውን አየር መረመረ። አየሩ የአርባ ዓመት ነው። ነገር ግን አየር በላላ በረዶ ውስጥ ሲመላለስ ኖሮ ኋላ ስለሚታፈን፣ በረዶው ከአየሩ በዕድሜ ይበልጣል። «በስንት ዓመት?» አለችው ናያ።

«አላውቅም፣ እማማ። አውቃለሁ ብዬ ላታልልዎት አልችልም።»

«አላውቅምንማ ስልሳ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ልጄ» አለችው።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤቷ ሕፃኑን አምጥታ አሳቀፈቻት። ሕፃኑ ጣቷን ጨበጠ። ናያ «አባዬ» ልትለው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ካራው ጉልበቷ ላይ ነው፤ ወንድማማቾቹም ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ግን አትዘግዩ፣ ሕፃኑ ዛሬ ስም ይፈልጋል። አባቷን ለሰጣት፣ አባቷን ለነሳት ወይስ አላውቅም ላላት፣ ካራው ለማን ይገባል?