ስድስት ዓመት የተኛው ዕጢ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ። ልብስ ሰፊ ናት። ጉልበቷንና ጣቶቿን የሚያሳብጥ ሕመም ነበረባት። ሐኪም ባዘዘላት ኪኒን እየታገዘች፣ ስድስት ዓመት የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ልጆቿን አሳደገች።

ባለፈው ፍልሰታ ጸበል ቦታ ሱባዔ ገባች። አብረዋት ያደሩት ሴቶች ኪኒኑን ሲያዩ፣ «እቴ፣ መድኃኒትና ጸበል አይቀላቀልም። ይህን ይዘሽ የመጣሽው እምነትሽ ግማሽ ቢሆን ነው» አሏት። ሰው ፊት ግማሽ መባል ያማል፣ ምእመናን። ኪኒኑን ከነፌስታሉ ገደል ጣለችው።

በሦስተኛው ቀን አስመለሳት። በአራተኛው መቆም አቃታት፤ ላብ አጠመቃት። ታናሽ እህቷ ሙሉነሽ ሐኪም ቤት ልውሰዳት ስትል ምን አሏት? «ተይ፣ ርኩስ መንፈሱ እየለቀቃት ነው።» ሙሉነሽ አልሰማቻቸውም። እህቷን አዝላ ቁልቁለቱን ወረደች። ሆስፒታል ሲደርሱ የደም ግፊቷ ወርዶ ወርዶ ልትሞት ነበር።

እኔም ልጠይቃት ሄድኩ። ያከመቻት ዶክተር ሰብለወንጌል፣ «አባ፣ ቁጭ ይበሉ፤ ይህን ሊሰሙት ይገባል» አለችኝ። ተቀመጥኩ።

«ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ውስጣቸው ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች ስብን እየቀየሩ፣ በሕመም ጊዜ ደግፎ የሚያቆመንን ሆርሞን ይሠራሉ። ሆርሞኑ ሲበዛ ራሱ ተመልሶ ሥራውን ይገታል። ከአንጎል ሥር ያለውን አዛዥ ዝም ያሰኘዋል፤ ሠራተኛውም ይቀንሳል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሥራው እንደገና ይነሣል። የእሷ ኪኒን የዚያው ሆርሞን ዘመድ ነው። ስድስት ዓመት ከውጭ ሲገባላት፣ ዕጢዋ ‹ሞልቷል› ብሎ ተኛ። ስድስት ዓመት የተኛ ደግሞ በአንድ ቀን አይነሣም፣ አባ። ኪኒኑ የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው።»

አያችሁ? ያ አውራ ጣት የማያህል ዕጢ የሠራውን ሥራ መልሶ ይሰማል። ሲበዛ ይተዋል፣ ሲጎድል ይነሣል።

እኛስ? እኔስ? «ግማሽ እምነት» የሚለውን ቃል እነዚያ ሴቶች ከየት አመጡት? ከእኔ ነው። እዚህ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ፣ በጸበልና በሐኪም ቤት መካከል የሚመላለስ ሰው እምነቱ ግማሽ ነው ብያለሁ። እናንተም እልል ብላችኋል። እልልታው ሲበዛ ጨመርኩበት። ዕጢው ሲበዛ ይቀንሳል፤ እኔ ሲበዛ ጨመርኩ።

ይህን እንዳልናገር ተለምኛለሁ። «የደብሩ ስም ይጠፋል» ተብያለሁ። ይጥፋ። የልጆች እናት ከምትጠፋ የእኔም የደብሩም ስም ይጥፋ።

ለመሆኑ እግዚአብሔር በሐኪም ይቀናል ያላችሁ ማን ነው? ውኃውን የባረከው እጅና ዕጢውን የሠራው እጅ አንድ አይደለም?

እናንተ አባቶች፣ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁ ለምን ዝም እንደሚሉ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ያ ዝምታ የሥራችሁ ፍሬ ነው፤ ተመልሶ እየነገራችሁ ነው። እናንተ መካሪዎች፣ በምክራችሁ የወደቀ ሰው አለ? ሄዳችሁ እዩት። ዓይኑን ማየት ይከብዳል፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ አፍሬያለሁ።

ሐሙስ ያቺ ሴት ጸበል ትመጣለች። ኪኒኗን የምትውጠው በጸበሉ ነው፤ ኩባያውን የማቀብላት እኔ ነኝ። ከልካይ ካለ ከፊቴ ይቁም።

በእኔ ቃል አፍራችሁ መድኃኒት የጣላችሁም እዚህ መካከል አላችሁ። አውቃለሁ። ዛሬውኑ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ብቻዬን መሄድ አፍራለሁ የሚል ካለ፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።