ጨረር የሚያደናግረው ዕቃ

አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ጌዲዮን ሚኒባስ ይነዳል። ሰው ጭኖ በወጣ ቁጥር የእሷም ልብ አብሮት ይወጣል፤ እስኪመለስ እህል አይወርድላትም። የምትፈራው እንዳይሞትባት ነው፤ ሰውም እንዳይገድል።

ልጁ ግን የሚፈራው ሌላ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ይዞ የሚያነጣጥራትን፣ ጨረር ልካ ፍጥነት የምትለካውን መሣሪያ። ሁለት ጊዜ ተይዟል። በሦስተኛው መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎ ሰጋ።

አንድ ቀን እናቱን ከገበያ ሲመልስ የመኪና ዕቃ መሸጫ ይዟት ገባ። ሻጩ ከዚያች መለኪያ ያስጥላሉ የሚባሉ ሦስት ዓይነት ዕቃዎች ዘረጋለት።

«ይሄ ሰሌዳ ላይ ይቀባል፤ ጨረሩን ያደበዝዛል ይላሉ፣ እኔ ግን አላምነውም። ይሄ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ግን ተለክተህ አልቀሃል። ይሄኛው ጨረሩን ያደናግራል፤ መለኪያዋ ፍጥነትህን እስክትለይ ድረስ አንተ ትቀንሳለህ።»

እናቲቱ ሦስተኛውን አንስታ አገላበጠችው። «ልጄ፣ ሕፃን መንገድ ቢያቋርጥ ይጮኻል?»

ሻጩ ሳቀ። «ኧረ እማማ! እሱ ለፖሊስ ነው እንጂ ለሕፃን አይደለም!»

«ታዲያ መንገዱ ላይ ያለው ፖሊስ ብቻ ነው?»

«እማዬ ደግሞ!» አለ ጌዲዮን። «እንዳንቺማ ቢሆን በእግራችን ነበር የምንሄደው።» ሦስተኛውን መረጠ፤ እዚያው አስገጠመው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከፊት የመጣ አይሱዙ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሹፌር ለሹፌር «ፊት ለፊትህ ፖሊስ አለ» የሚባባልበት ነው። ትናንት ቢሆን ጌዲዮን ወዲያው ይቀንስ ነበር። ዛሬ ግን አዲሱን ዕቃ ደባበሰና «አሁን ማንን ልፍራ!» አለ።

«ቀንስ ልጄ!»

«እማዬ፣ አይለካኝም አልኩሽ እኮ!»

ኩርባውን ዞረ። ፖሊስ አልነበረም። ቀብር ነበር። ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች አስፋልቱን ሞልተውታል። ፍሬኑን በሙሉ ጉልበቱ ረገጠ። ሴቶቹ ወደ ቦዩ ዘለሉ። መኪናው ከቃሬዛው ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ማንም አልተሳደበም። ከፊት የነበሩ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ ለዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃናል» አሉት።

ጌዲዮን ሞተሩን አጥፍቶ ቀብሩ እስኪያልፍ ጠበቀ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሹፌር ምልክቱን ሳያይ ቀርቶ ነው? አይቶታል። ግን «ማን ይይዘኛል?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ማንን እጎዳለሁ?» ብሎ አልጠየቀም።

እናንተስ? ተቆጣጣሪ ሲመጣ ንጹሕ ወተት የምታሳዩ፣ ሲሄድ ውሃ የምትቀላቅሉ፣ ያን ወተት የሚጠጣው ተቆጣጣሪው ነው? የጎረቤታችሁ ሕፃን ነው! እንግዳ ሲገባ ድምፃችሁን የምታለሰልሱ፣ ሲወጣ በልጆቻችሁ ላይ የምትጮኹ፣ ማንን ነው ያታለላችሁት? እኔም ከዚህ ውጭ አይደለሁም።

የእግዚአብሔር ትእዛዝ እኛን ለመያዝ ብቻ የተሰጠ ይመስለናል። አይደለም። ከኩርባው ማዶ ስላለው ሰው ነው የተሰጠው። ስሙን አታውቁትም። ምናልባት የሚወደውን ሰው ሊቀብር እየሄደ ይሆናል። ስለ እሱ ብላችሁ ቀንሱ።