እንስራውን የመረጠችው እናት

አንዲት እናት ነበረች። ከወንዝ ማዶ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ግን ተናግራ የምታሳምን ሴት።

ይህች እናት የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችው በነሐሴ ነው። ልጅቷ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ዳር ደረሱ። ወንዙ ሞልቷል። ድልድይ የለም። እዚያው ዳር ላይ፣ ጤና ጣቢያው ማዶ እየታያቸው፣ ልጅቷም በሆዷ የያዘችውም ሕፃን ሞቱ።

ድልድዩ ለምን አልተሠራም ትሉኝ እንደሆነ፣ ብረቱም ሲሚንቶውም መጥቶ ነበር። ወንዙ ጋ ግን አልደረሰም። የድልድይ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አቶ ፈንታሁን የሚባል ሰው፣ በዚያው ዓመት ወረዳው ከተማ ላይ ቤት ሠርቶ ገባ። እናቲቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ረገመችው። ስሙ ሲነሳ መሬት ላይ ትተፋ ነበር።

ምርጫ መጣ። የክልሉም የአገሩም ምክር ቤት ምርጫ፣ በአንድ ቀን። ሁለተኛዋ ልጇ ይታይሽ ያን ጊዜ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናቲቱ ቆርጣ ተነሳች። “ዘንድሮ ድልድይ የሚሠራልንን ሰው ነው የምመርጠው!” አለች። እሰየው! ማን ይህን ይጠላል?

ከዚያ መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ መጣ። የማታውቃቸው ወጣቶች ወረቀት በተኑ። ወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪው ምልክት፣ እንስራ፣ ተስሏል። አይታ ደስ አላት። ምንጭ ወርዳ ለሴቶቹ፣ “እንስራ የማን ነው? የእኛ አይደለም? ጀርባችን የተላጠበት አይደለም? ይህ ሰው የሴት ችግር ያውቃል” አለቻቸው። ሴቶቹም አመኗት።

የትምህርት ቤቱ መምህር ልሳነወርቅ ይህን ሰማና ቤቷ ድረስ መጣ።

“እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እሁድ እድር ላይ የተወዳዳሪዎቹን ስም ላነብ ነው። ማን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሠራ እንነጋገራለን። ይምጡ።”

“ተወኝ ልጄ፣ ነጠላዬን አጥባለሁ። እኔ የምመርጠውን አውቄያለሁ።”

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል እኮ፣ እትዬ።”

“ስትማር የኖርክ አንተ፣ ድልድይ ሠራህልን?” አለችው። መምህሩ አፍሮ ሄደ።

እሁድ ነጠላዋን አጠበች። የምርጫ ካርዷን በጨርቅ ጠቅልላ መሶብ ሥር አኖረች። ለመንገዷ ቆሎ ቆላች። በምርጫው ዕለት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ፣ ከሰልፉ ፊት ቆመች። ሁለት ወረቀት ሰጧት። በሁለቱም ላይ እንስራው ጎን አሻራዋን አሳረፈች። እልል ማለት ነው የቀራት።

ተዘጋጅታ ነበር? አዎ። ለመንገዱ ተዘጋጅታ ነበር። ለሰውየው ግን አልተዘጋጀችም። አንዲት ጥያቄ፣ “ይህን እንስራ የያዘው ማን ነው?” የምትል ጥያቄ፣ ከአፏ አልወጣችም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ለክልሉ ምክር ቤት የተመረጠው ሰው ሊያመሰግን መጣ። ከመኪናው ወርዶ ቆመ። “እናቶቼ፣ እንስራዬን ስለመረጣችሁ ውለታችሁ አለብኝ” አለ። አቶ ፈንታሁን ነበር።

ያለ እሷ ድምፅም ያሸንፍ ነበር ይላሉ። እሷን ግን ይህ አላጽናናትም። ከምንጭ የምታውቃቸው ሴቶች ዞረው ሲያዩዋት፣ የምትገባበት ጠፋት። ሳትገበያይ ተመለሰች።

ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሳይሞላ ይታይሽን ይዛት ተሻገረች። ከቤቷ፣ ከባሏ ለይታ፣ ከተማ የሩቅ ዘመድ ቤት ልታስቀምጣት። ሌላ ምን አማራጭ አላት? ወንዙ መሃል ላይ፣ ውሃው ጉልበታቸው ደርሶ፣ ልጅቷ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ጠየቀቻት።

“እማዬ፣ ማንን ነበር የመረጥሽው?”

እናቲቱ የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛ ወደ ዳሩ ሳበቻት። ምን ትበል? “እህትሽን የገደለውን” ትበል?

ወገኖቼ፣ በዚህች ሴት አትፍረዱባት። እኔ ፈርጄባት ነበር፤ ኋላ ራሴን ሳየው አፈርኩ። እኛስ? ካርድ ወስደናል። ልብሳችን ታጥቧል። በየቤታችን የተለጠፈውን ምልክት ለይተን እናውቃለን። ሰውየውንስ? ትናንት በእጁ የነበረውን አደራ ምን አደረገው? ድሀ በሩን ሲያንኳኳ ከፈተ ወይስ ዘጋ? ጠይቀናል?

ለልጃችሁ ሚስት ስታጩ ሰባት ቤት ዘር ትቆጥራላችሁ። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ገልጣችሁ፣ ሰኮናውን አንስታችሁ ታያላችሁ። ለአምስት ዓመት በላያችሁ የሚሾመውን ሰው ግን በሥዕል ትቀበላላችሁ! “እግዚአብሔር ያውቃል” ትላላችሁ። እግዚአብሔርማ ያውቃል። እናንተ ግን እንድታውቁ ዓይንም ጆሮም ሰጥቷችሁ ነበር።

ማንን ምረጡ አልላችሁም፤ የእኔ ሥራ አይደለም። ለምርጫችን ገና ሁለት እሁድ አለ። ጎረቤት ጠይቁ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብላችሁ፣ የሚነግራችሁን ሰው አታሳፍሩ። አንድ ቀን ልጃችሁ ወንዝ መሃል ቆሞ “ማንን መረጣችሁ?” ይላችኋል። ያን ቀን መልስ ይኑራችሁ።