ሚዳቋ ለክፉ ቀን ያለችው ቅጠል

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ።

ሐኪሟ ጦጣ ለነገር ሁሉ የምትሰጋ ነበረች። የሚዳቋን ቁስል ትል በወረረው ጊዜ የግራዋ ቅጠል ሰጥታ፣ «ቢሻልሽም እንዳታቋርጪ፣ ጨርሰሽ ቀቢው» አለቻት። ሚዳቋ ግን ሕመሙ ሲተዋት የቀረውን ቅጠል ለክፉ ቀን ብላ አስቀመጠች።

ክፉው ቀን መጣ። ግልገሏ ቆሰለች፤ ያው ትል ገባባት። ሚዳቋ ያስቀመጠችውን ብትቀባት፣ ጦጣም እርጥብ ግራዋ ቀጥፋ ብትጨምርበት፣ ትሉ ንቅንቅ አላለም። ጦጣ ጆሮዋን ወደ ቁስሉ ብታስጠጋ፣ አንድ አሮጌ ትል ልጆቹን ሲያባብል ሰማች።

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ ይሄ ምሬት አይገድልም። እኔ እናቲቱ ቁስል ውስጥ ሳለሁ፣ ቅጠሉ ሲቋረጥ ተርፌ ለምጄዋለሁ።»

«እመት ጦጣ፣ ሌላ ቅጠል የለዎትም?» አለች ሚዳቋ።

ጦጣ ዱሩን ዞር ብላ አየች፤ ከግራዋ በቀር የምትቀጥፈው አላገኘችም።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ ሚዳቋ ግን ቅጠሏን አልጨረሰችም።