ያልደረቀው መደብ

አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው ከደሴ ወደ ቆላው ወረድ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ጓሮዋ ጠባብ ነው፤ ጎመን አለበት፣ ጥቂት ሽንኩርት አለበት፣ ከሁሉ በላይ ግን በርበሬ ታበቅልበታለች። በርበሬዋን የቀመሰ ሁሉ ዘሩን ይለምናታል። ዘሩን የተቀበለችው ከእናቷ ነው። በየዓመቱ ከምርቱ ደህና ደህናውን መርጣ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጠዋለች። ስሟ በለጡ ነው።

ይህች በለጡ አንድ ዓመት ምን አደረገች መሰላችሁ? የካቲት ላይ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎደ፣ ትንሽም አካፋ። በልጉ ገባ ብላ የቋጠረችውን ዘር በሙሉ ፈትታ ዘራችው። ለክፉ ቀን ብላ እንኳ ጭብጥ አላስቀረችም። በማግስቱ ሰማዩ ጥርት አለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይደምናል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ደመናውን ጠራርጎ ይሄዳል።

ከመካከላችሁ አንድ ነጎድጓድ ሰምቶ ያለውን ሁሉ የበተነ ስንት ሰው አለ? እጅ አውጡ አልላችሁም፤ ጎን ለጎን እንደምትተያዩ ግን አያለሁ።

በለጡ የዘራችው ሁለት መደብ ላይ ነበር። አንዱ የችግኝ መደብ ደጃፏ ላይ ነው፣ ሁልጊዜ እንድታየው። ሁለተኛው ከጓሮው ዳር፣ ከጎረቤት አጥር ሥር ተጠግቶ ነው። እዚያ ለምን ዘራች? መሬቱ ጥሩ ስለሆነ ነው? አይደለም። ነገሩ ወዲህ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ሼህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ይኖራሉ። በመካከላቸው ጥቅጥቅ ያለ የቅንጭብ አጥር አለ። ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ታደሰና በለጡ ስንዝር መሬት ገፍተውብኛል አለች። ሼህ ይማም አልገፋሁም አሉ። ሽማግሌ ገባ፣ ተለመነ፣ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ሆነ፤ እዚያም ቢሆን ራስ ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። እና በለጡ ሁለተኛውን መደብ አጥሩ ሥር ልጥፍ አድርጋ የሠራችው መሬቱ የኔ ነው ለማለት ነው። በእልህ የተዘራ መደብ ነበር ማለት ነው።

ድርቁ ጠና። የቦኖ ውሃ በወረፋ ሆነ፤ የሚደርሳት ጀሪካን ለመጠጥና ለማብሰያ እንኳ አይበቃም። የዕቃ እጣቢዋን እየቆጠበች ደጃፏ ላይ ያለውን መደብ ታጠጣለች። የአጥሩን ሥር መደብ ግን ተስፋ ቆርጣ ተወችው። ጠዋት ጠዋት ብቻ እዚያ ዳር ሄዳ ትቆማለች። ከቤት ራቅ ስለሚል ሰው አይሰማኝም ብላ የልቧን የምታወራው እዚያ ነው። «ጌታዬ፣ ዘሩን ጨርሻለሁ። ይህ ከደረቀ የእናቴ በርበሬ ቀረ ማለት ነው። እባክህ ዝናቡን አምጣው» ትላለች።

ታዲያ የሆነውን ስሙ። ደጃፏ ላይ ያለው፣ የተንከባከበችው፣ እጣቢ የጠጣው መደብ ቢጫ ሆነ፣ ጠወለገ፣ መሬቱም ተሰነጣጠቀ። የተወችው መደብ አረንጓዴ ነው። ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካችው። እርጥብ ነው።

በለጡ ቀና አለች። ሰማዩን አየች፤ ደመና የለም። ጤዛ ይሆን አለች፤ ጤዛ ደጃፏ ላይ ያለውን ለምን ዘለለው? በማግስቱ ተመልሳ ነካችው፤ አሁንም እርጥብ ነው። ቀን ላይ ነካችው፤ ከጠዋቱ ይልቅ ረጥቧል። እንቅልፍ ነሳት። ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ብሎ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን ካላወቅሁ አርፌ አልቀመጥም አለች።

ወዳጇን ስንዱን ጠርታ አሳየቻት። ስንዱ አፈሩን አየች፣ አማተበችና ጠበል ፈልቋል አለች። ጊዜም አልፈጀች፣ ከጭቃው ዘግና የሚያማትን ጉልበቷን ቀባችው። በማግስቱ ተሽሎኛል ብላ መጣች። ጉልበቷ ለምን እንደተሻላት እኔን አትጠይቁኝ። ብቻ ወሬው ሰፈሩን ሳያዳርስ በለጡ ወደ መምሬ ጥበቡ ሄዳ ነገሩን አጫወተቻቸው። መምሬ ጥበቡ አልሳቁባትም፣ አልተደነቁምም። ጠበል ነው ለማለት አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ውሃው በየትኛው በኩል እንደሚገባ ጎንበስ ብለሽ እዪ አሏት።

በለጡ እንደተባለችው አደረገች። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መደቡ አጠገብ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የውሃ ድምፅ ሰማች። በሆዷ ተኝታ በቅንጭቡ ግንዶች መሃል ወደ ማዶ አየች።

ምን ያየች ይመስላችኋል?

ሼህ ይማም ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰሱ ለሶላት ይታጠባሉ። እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ በመጨረሻ እግራቸውን። ውሃው ከሥራቸው ይወርድና በቅንጭቡ ሥር ሾልኮ ወደ በለጡ መደብ ይገባል።

በለጡ ደሟ ፈላ። የእግር እጣቢያቸውን ችግኜ ላይ ይለቁብኛል? መሬቱን መግፋታቸው አንሶ? ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች፣ ልትጮህም አፏን ከፈተች። ግን ያ ያመጣት የማወቅ ፍላጎት ገና አልለቀቃትም ነበር። ተመልሳ ጎንበስ አለችና ደግማ አየች። ውሃው እንዲሁ እየፈሰሰ የመጣ አልነበረም። ከድንጋዩ እስከ አጥሩ በዶማ ጫፍ የተጫረች ጠባብ ቦይ አለች። ደግሞም ያ ድንጋይ እዚያ አልነበረም። ስታውቀው ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር ነበር። ማን አመጣው?

ዞራ በበራቸው ገባች። አጥሩ ከታደሰ ወዲህ ያን በር ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሼህ ይማም ሰግደው ጨርሰው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ደነገጡ፤ የመጣችው ለጠብ መስሏቸዋል።

«ሼህ ይማም፣ መታጠቢያ ድንጋይዎ ድሮ ከኮኩ ሥር አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ ማን አመጣው እዚህ?»

«እኔው ነኝ፤ እያንከባለልኩ።»

ለምን ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አቀርቅረው መለሱ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ሳለ ድምጿን ሰምተዋል። ዘሩ እንዳለቀባት፣ በርበሬው የእናቷ እንደሆነ፣ ዝናብ እንደምትለምን ሰምተዋል። ዝናብ ማምጣት አልችልም፣ ይህንን ግን እችላለሁ ብለው ድንጋዩን ገፉት። የቤታቸውም ሰው ሁሉ እዚያ እንዲታጠብ አዘዙ።

በለጡ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለምን አልነገሩኝም?» አለቻቸው።

«ብነግርሽ ትቀበዪኝ ነበር?»

አሰበች። ዋሽታ አዎ ማለት ትችል ነበር።

«አልቀበልም ነበር» አለች።

«እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነው። አብሽሪ ልጄ፣ ውሃው የትም ቢሆን መፍሰሱ አይቀርም።»

በለጡ አለቀሰች። አፍራ ነው ያለቀሰችው፤ ደስም ብሏት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ እንዴት እንደሚያደርጉ የደረሰበት ያውቀዋል።

በልጉ ዘግይቶም ቢሆን ገባ። ደጃፏ ላይ ከነበረው መደብ አንድም ችግኝ አልተረፈም። ጓሮዋን የሞላው በሙሉ ከአጥሩ ሥር ተነቅሎ የተተከለ ነው። በእልህ የሠራችው መደብ፣ ተስፋ የቆረጠችበት መደብ፣ እሱ ነው የእናቷን ዘር ያተረፈው። ዝናቡ እስኪገባ ድረስም ወረፋዋ ሲደርስ ግማሽ ጀሪካን ሼህ ይማም በር ላይ ታስቀምጥ ነበር። በራሷ በኩልም ቦዩን በዶማ አጥልቃ ቆፈረችው። ስለዚያች ስንዝር መሬት ከጠየቃችሁኝ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ነገር ሲደርቅብን ለምን ብለን እንጠይቃለን። ልጅ ሲታመም፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ቤት ሲቀዘቅዝ፣ ለምን እኔን እንላለን። ሲለመልምስ? ሲለመልም ማን ይጠይቃል? ይህን ሁሉ ዓመት ያልደረቀው ትዳራችሁ፣ ሊጠፋ ደርሶ የተመለሰው ልጃችሁ፣ እናንተ እንኳ የተዋችሁት እምነታችሁ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ አይታችኋል? ወይስ እሰይ ብላችሁ አለፋችሁ?

በለጡ ዝናብ ለመነች። እግዚአብሔር ሰማት። መልሱን ግን በደመና አልላከውም። በማንቆርቆሪያ ላከው፣ ያውም በማትፈልገው በኩል፣ በተጣላችው ሰው እጅ። ሰማይ ሰማይ ስታይ ውሃው በእግሯ ሥር ይገባ ነበር። እናንተስ ስትጸልዩ ቀና ብላችሁ የምታዩት ወዴት ነው? ከአጥራችሁ ማዶ ያለውን ሰው ከጸሎታችሁ መልስ ውስጥ አስወጥታችሁት ይሆን?

ሌላም ልጠይቃችሁ። ከአጥሩ ማዶ የማን ድምፅ ይሰማችኋል? ያኮረፋችሁት ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰምታችሁስ ምን አደረጋችሁ? ዝናብ አምጡ ያላችሁ የለም። ድንጋዩ ግን ይንከባለላል።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ በቀጥታ ወደ ውስጥ አትዝለቁ። ጓሮ ዞራችሁ አጥራችሁ ሥር ቁሙ። አፈሩን ንኩት። እርጥብ ከሆነ በበሩ ዞራችሁ ግቡና ጠይቁ። ደረቅ ከሆነ ደግሞ ማዶ ያለው ሰው መደብም ደርቆ ይሆናልና ዶማችሁን አንሱ።