ጡሩምባውን ያስጠበቀው ላምቤቦ

እናንተ ከመወለዳችሁ፣ እኔም ከዘራ ከመያዜ በፊት ነው። ሸንኮራው እስከ ወንዙ አፋፍ በሚደርስበት፣ የፋብሪካው ጭስ ከሩቅ ታይቶ መንገደኛን በሚመራበት ዘመን፣ በመልካ ጎሮ አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ አልነበረም። ሹም አልነበረም። ሸንኮራ ቆራጭ ነበረ። ስሙም ላምቤቦ ይባል ነበር። የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ የነገሩኝም በሜዳው ዳር ቆመው ያዩት ናቸው።

ላምቤቦ የመጣው ከሐዲያ አገር ነው። የአባቱ የእንሰት ማሳ ለታላላቅ ወንድሞቹ ተከፋፍሎ ሲያበቃ፣ ለእሱ የቀረው ደጃፉ ብቻ ነበር። በደጃፍ ላይ ደግሞ ጎጆ አይቀለስም። ስለዚህ የመቁረጫ ቆንጮራውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ለቆረጣ ወረደ። የቆራጭ ሕግ የታወቀ ነው። በጋውን ይቆርጣል፤ ክረምት ሲገባ ያው መኪና መልሶ ይወስደዋል። በመልካ ጎሮ የሚቀረው ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነው። ቋሚ ሠራተኛ ቤት ይሰጠዋል። ፈረቃ ይሰጠዋል። ጡሩምባም አለው።

ጡሩምባ ስላችሁ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በፋብሪካው ጣሪያ ላይ የተተከለው ጡሩምባ ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር ይጮሃል። እሱ ሲጮህ የጎረሰ ሳያላምጥ ይነሣል፤ የተጣላ ጠቡን ያቋርጣል፤ የሚላጭ ግማሽ ጢሙን ይዞ ይወጣል። የቋሚ ሠራተኛ እግር ጡሩምባውን ከጆሮው ቀድሞ ይሰማ ነበር ይባላል። ቆራጭ ግን የሚታዘዘው በአለቃው በካቦው ድምፅ ነውና፣ ጡሩምባው ለእሱ እንደ ወፍ ጩኸት ነው፤ ይሰማዋል እንጂ አያዝዘውም።

ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። ስኳር ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫውቶ ማደር ማለት ይኸው ነበር፤ ለፋብሪካው ቡድን የተመረጠ ሰው በቋሚነት ይቀጠራል፤ ፈረቃውን ይሠራል፤ ኳሱን ይጫወታል፤ እንጀራውን በእግሩ ይበላል። ላምቤቦ ኳስ ይወድ ነበር። ምኞቱም አንዲት ነበረች፤ ክረምት ሲገባ ያ መኪና ያለ እሱ እንዲሄድ።

የመጀመሪያው ፈተና ሳቅ ነበር።

አንድ ቀን ከቆረጣ ሲመለስ፣ የተቃጠለውን ሸንኮራ ጥላሸት ሳይታጠብ ወደ ሜዳው ሄደ። አሠልጣኙ ጋሽ ዳምጠው የሚባሉ የፋብሪካው መካኒክ ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን እንደ እንፋሎት ነው፤ ወጥቶ ያልቃል።

"ጋሼ፣ ልሞክር?" አላቸው።

ከራሱ እስከ በረባሶው አዩት። "ግባ" አሉት፤ "ሜዳው አይነክስም።"

ገባ። መሮጥ ሲጀምር የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ሸንኮራ ሲቆረጥ ጉቶው እንደ ጦር ሾሎ መሬት ላይ ይቀራልና፣ ቆራጭ ሲራመድ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ያነሣል። ያልተነሣ እግር ይወጋል። ላምቤቦም ለጥ ባለው ሜዳ ላይ እንደዚያው እያነሣ ሮጠ።

"አንተ ሰው፣ ወንዝ እየተሻገርክ ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

"ሱሪህን ሰብስብ፣ እንዳይርስብህ!" አለ ሌላው።

በስኳር ቡድን ውስጥ ገለቱ የሚባል ተከላካይ ነበረ። አጥቂን ከሥሩ ጠልፎ ስለሚጥል ማጭድ ይሉት ነበር። ማጭድ ነገሩን ሊቋጨው ተንሸራቶ መጣ። እግሩን ሰነዘረ። የላምቤቦ እግር ግን እዚያ አልነበረም፤ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። ማጭድ ዳግመኛ መጣ። የላምቤቦ እግር ዳግመኛ ተነሣ። ማጭድ ሦስተኛ መጣ፤ አቧራ ታቅፎ ቀረ።

"ማጭዴ፣ ሣሩ የት ገባ?" ብለው ጮኹበት። ሳቁ ባለቤት ለወጠ።

ጋሽ ዳምጠው ግን አልሳቁም። "ቦታ የለኝም" አሉት። ላምቤቦ አንገቱን ደፋ። ሊሄዱ ዞር ካሉ በኋላ "ነገ ግን ና" አሉት። ላምቤቦም እፎይ አለ። ነገ ና የተባለ ሰው ዛሬ አልተባረረም። በማግስቱ መጣ። በማግስቱም መጣ። ከቆረጣ መልስ ከሜዳው የቀረበት ቀን አልነበረም።

ሁለተኛው ፈተና እሳት ነበር።

በበጋው አጋማሽ ዋናውን አጥቂ ወባ ጣለው። ከጎረቤት እርሻ የመጣው ቡድን ሜዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጋሽ ዳምጠው ግራ ቀኝ ቢያዩ ሌላ ሰው አጡ። "ላምቤቦ፣ ማልያ አጥልቅ" አሉት። አጠለቀ። ስኳር አንድ ለባዶ እየተመራ ሳለ፣ ዳኛው ያን ጊዜ ሪጎሬ ይባል የነበረውን የፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። አንጋፋዎቹ ተያዩ። አንዱ የታኬታውን ክር ማሰር ጀመረ። ሌላው ወገቤን አለ። ሊመታ የፈለገ አልነበረም። ኳሷ ከእግር ወደ እግር ስትገፋ ላምቤቦ ዘንድ ደረሰች።

መታት። ከጎሉ በላይ ሄደች። ከሰው ራስ በላይ ሄደች። ከሜዳው ባሻገር ካለው ሸንኮራ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ያቺ ኳስ የመልካ ጎሮ ብቸኛ ኳስ ነበረች። ያ ሸንኮራ ደግሞ ለቆረጣ ደርሶ፣ ቅጠሉ እንዲራገፍ በዚያው ቀን ሊቃጠል የታዘዘ ነበር። አቃጣዮቹ ችቧቸውን ይዘው የጨዋታውን ማለቅ ብቻ ይጠብቁ ነበር። ኳስ ከሌለ ጨዋታ የለምና ዳኛው ዘጉት። ስኳር ተሸነፈ። ሰዉም እያጉረመረመ ተበተነ። "ይህስ ቆንጮራው ይሻለዋል!" ያለም ነበር።

ላምቤቦ ግን አልተበተነም። በጎሉ ጀርባ ዞሮ፣ ማንም ሳያየው፣ ሸንኮራው ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ፊቱን እየሰነጠቀው በረድፎቹ መካከል እየዳኸ ፈለገ። ፈልጎም አገኛት። ኳሷን ባነሣበት ቅጽበት የጭስ ሽታ መጣ። አቃጣዮቹ ሰው የለም ብለው ከሜዳው በኩል ለኩሰውት ነበር። እሳቱ እየተንጣጣ ቀረበ። በመጣበት መመለስ አልተቻለም። ቆራጭ ግን በየማሳው ጫፍ የመስኖ ቦይ እንዳለ ያውቃል። ኳሷን በማልያው ጠቀለላት፤ ጉልበቱን እያነሣ ሮጠ። እሳቱ ሮጠ፤ እሱም ሮጠ። ቦዩ ውስጥ ወደቀ። እሳቱም ከቦዩ ጠርዝ ደርሶ ቆመ።

በሜዳው ዳር ጋሽ ዳምጠው ማልያዎቹን እየሰበሰቡ ነበር። አንዱ ጎደለባቸው። ሸንኮራውን አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። "ሰው አለ! ኧረ ሰው አለ!" እያሉ ወደ እሳቱ ሮጡ። የተበተነው ሁሉ ተመለሰ። ሴቶች እሪ አሉ። ሰዉ ሁሉ ሲተራመስ ላምቤቦ ጠቁሮ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት፣ በቦዩ ዳር ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ ኳሷ አልተቃጠለችም" አለ።

ጋሽ ዳምጠው ሊመቱት እጃቸውን አነሡ። እጃቸው ግን መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠና አንገቱን አቀፈው። "አንተ ድንጋይ! ኳስ ይገዛል፤ ሰው ከየት ይገዛል?" አሉት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማልያዋን እጠባት" አሉ። "ከእንግዲህ ያንተ ናት።"

ሦስተኛው ፈተና ጡሩምባው ነበር።

ማልያ ማግኘት መቀጠር አልነበረም። የሚቀጥሩት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በጋው አልቆ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር፣ ጋሽ ዳምጠው የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አንኳኩተው ስለ ላምቤቦ ለመኑ። ሥራ አስኪያጁ ዋንጫ ወዳድ ሰው ነበሩ። "እሑድ ከምድር ባቡሩ ቡድን ጋር የመጨረሻው ጨዋታ ነው" አሉ። "ዋንጫው እዚህ ከቀረ ልጁ ይቀራል። ዋንጫው ከሄደ ልጁም ይሄዳል።"

እሑድ ደረሰ። ስኳር ቀደም ሲል በባቡሩ ሜዳ አሸንፎ መጥቷልና አቻ መውጣት ይበቃው ነበር። ከሜዳው ዳር ቆራጮችን የሚመልሰው መኪና ቆሟል። የላምቤቦ ጆንያና ቆንጮራ ተጭነዋል። ጓደኞቹም መኪናው ላይ ሆነው ያያሉ።

"ላምቤቦ፣ ቦታ ይዘንልሃል!" አለው አንዱ።

"አትያዙልኝ" አለ ላምቤቦ።

የባቡሩ ቡድን የሚመጣው በባቡር ነበር፤ ባቡሩም ዘገየ። የመልካ ጎሮ ሰው በዚህ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ግን መዘዝ ነበረው። ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ፤ ከፈረቃ በፊት ማለቅ ሲገባው ፈረቃ ደረሰበት። ይህን አስቀድሞ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ባቡሩ አንድ አገባ። ስኳር አንድ አገባ። አቻ ሆኑ። ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ሜዳው ትንፋሹን ዋጠ። በዚህ መካከል ጡሩምባው ጮኸ።

የስኳር ተጫዋቾች ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እግራቸው ቆመ። ማጭድ ገለቱ ለኳሷ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ፋብሪካው በር አቀና። በረኛው ቡሽራ ከጎሉ ቋሚ ሥር ያስቀመጠውን የምሳ ዕቃ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ከተመልካቹም ግማሹ ተነሥቶ የልብሱን አቧራ ያራግፍ ጀመር። ጋሽ ዳምጠው እንኳ ቱታቸውን ሊለብሱ አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር፤ ኋላ ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩት ነበር።

የባቡሩ ሰዎች ግን የመልካ ጎሮን ጡሩምባ አያውቁም። አጥቂያቸው ቀና ቢል በእሱና በጎሉ መካከል የሚያግደው አጣ። ኳሷን እየገፋ ሮጠ።

ከስኳር ተጫዋቾች መካከል አንድ ሰው ብቻ ይሮጥ ነበር። ላምቤቦ ነበር። ከባቡሩ ጎል አጠገብ ተነሥቶ የሜዳውን ርዝመት ሮጠ። ጉልበቱን እያነሣ ሮጠ። ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ሮጠ። በመኪናው ላይ ያሉት ቆራጮች ቆመው በአገራቸው ቋንቋ ጮኹለት። አጥቂው መታ። ኳሷ ባዶውን ጎል ይዛ ሄደች። ላምቤቦ መስመሩ ላይ ደረሰ፤ እግሩን ዘረጋ፤ አቆማት።

አርቆ ሊለጋት ይችል ነበር። አልለጋትም፤ ሸንኮራው ትዝ አለው። ከእግሩ ሥር ይዟት ወደ ሜዳው ጥግ ሄደ። ባቡሮች ተከተሉት። እግር ሰነዘሩበት፤ እግሩ ተነሣ። ደግመው ሰነዘሩበት፤ ደግሞ ተነሣ። ስኳሮች ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ደንግጠው እየተመለሱ ሳለ ዳኛው ፊሽካቸውን ነፉ። አለቀ። አንድ ለአንድ። ያን ጊዜ የመልካ ጎሮ ሕዝብ የተነፈሰው ትንፋሽ ሸንኮራውን አወዛወዘው ይባላል።

ሥራ አስኪያጁ ላምቤቦን አስጠሩት። "ጡሩምባው ሲጮህ ሁሉም ቆመ" አሉት። "አንተ ለምን አልቆምክም?"

ላምቤቦ ላቡን ጠረገ። "ጡሩምባው የእኔ አይደለም፣ ጌታዬ" አለ። "ገና አልተቀጠርኩም።"

ሥራ አስኪያጁ ዋንጫውን እንዳቀፉ ሳቁ። "ከነገ ጀምሮ ያንተም ነው" አሉ። ቆራጮቹ ይህን ሲሰሙ ጆንያውን ከመኪናው ላይ ወረወሩት። ጆንያው ዱብ ብሎ መሬት ሲነካ፣ ድምፁ ለላምቤቦ ከጭብጨባው ሁሉ በልጦ ተሰማው። ላምቤቦም ከጆንያው አጠገብ ቁጭ አለ። መኪናው ሞተሩን አስነሣ። ያለ እሱም ሄደ።

"ሌላ የምትፈልገው አለ?" አሉት ሥራ አስኪያጁ።

"አንድ ነገር አለ" አለ ከተቀመጠበት ተነሥቶ። "ከነገ ጀምሮ እኔም ጡሩምባ ሲጮህ እቆማለሁ። እግሬ እንደ እነሱ ይሆናል። ያን ጊዜ ማን ይሮጣል? ስለዚህ የጨዋታ ቀን ጡሩምባው ይጠብቅልን።"

"ሰማችሁት? ሳይቀጠር አቤቱታ ጀመረ!" አሉ ጋሽ ዳምጠው፤ ቱታቸው አሁንም በአንድ እግራቸው ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ይሁን አሉ። እንደ ቃላቸውም ሆነ።

ላምቤቦ በስኳር ማልያ ብዙ ዓመት ተጫወተ። ኋላም የአዲስ አበባ ቡድን ወሰደው። በዚያ ያገባቸውን ጎሎች የአዲስ አበባ ሰው ያስታውስ። መልካ ጎሮ የሚያስታውሰው እንዳትገባ ያደረጋትን አንዲቱን ኳስ ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ በጨዋታ ቀን የፈረቃው ሰዓት ቢደርስም ጡሩምባ ነፊው እጁን ከጡሩምባው መሳቢያ ገመድ ላይ አኑሮ ጆሮውን ወደ ሜዳው ይሰጣል። የዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ገመዱን አይስብም። ተረኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚያጉረመርም የለም። ያቺን መጠበቂያ ጊዜ "የላምቤቦ" ይሏታል። በመልካ ጎሮ ምጥ የያዛት ሴት ደጅ የተቀመጠ ባል ቢጨነቅ፣ ወይም የታመመ አልጋ አጠገብ ተስፋ የቆረጠ ሰው ቢያለቅስ፣ ሽማግሌዎች ትከሻውን ይዘው "አይዞህ፣ ጡሩምባው ገና ነው" ይሉታል። የሚሮጥ አንድ ሰው እስካለ ድረስ ነገር አላለቀም ማለታቸው ነው።

የሰማሁትን ሳልጨምር ሰጠኋችሁ። የእኔ ጨዋታ አልቋል፤ አሁን ጡሩምባው ይነፋ።